ቁጥራቸው የተደበቀው ፕሬዚዳንት

የያልታን ፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሦስት ሰዎች ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በአንድ ወገን ቸርችል፣ በሌላው ወገን ስታሊን፣ መሐል ላይ ደግሞ ካባ የደረቡ፣ ሲጋራ በጣታቸው የያዙ፣ ፊታቸው የከሳ ሰው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1945 ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ሦስቱ ሰዎች የተገናኙትም ከጦርነቱ በኋላ ያለችውን ዓለም ለመደልደል ነበር። እኔን ግን ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱንም የጣላቸው አንድ በሽታ ነው። ስታሊንን በማርች 1953 ገደላቸው። ቸርችልን በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ መታቸው፤ በ1965 ተመልሶ መጣና ወሰዳቸው። ለመሐለኛው ሰው ግን ያን ያህል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ ሁለት ወር ብቻ። በሽታው ስትሮክ ይባላል።

ዛሬ የምተርክላችሁ የመሐለኛውን ሰው፣ የፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልትን ሕይወት ነው። ስለ ጦርነቱና ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲያቸው ብዙ ተጽፏልና እሱን ለሌሎች ትቼ፣ ከሁለት በሽታዎች ጋር የነበራቸውን ታሪክ ልከተል። በአንደኛው ላይ አገር ሙሉ አዘመቱ። ስለ ሁለተኛው እሳቸው አልጠየቁም፣ ሐኪማቸውም አልተናገሩም። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሩዝቬልት ጃንዋሪ 30 ቀን 1882 ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ ሃድሰን ወንዝ አጠገብ ባለችው ሃይድ ፓርክ ተወለዱ። የባለጠጋ ልጅ፣ ለእናታቸውም አንድ ብቻ ነበሩ። ሃርቫርድ ተማሩ፣ በ1905 ኤሊኖርን አገቡ፣ በ1913 በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን አስተዳደር የባሕር ኃይል ረዳት ሚኒስትር ሆኑ። ስትሮክ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ ያዩትም በእኚሁ አለቃቸው ላይ ነው። ዊልሰን በኦክቶበር 1919 በስትሮክ ተመተው ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ባለቤታቸውና ሐኪማቸው ግን የነገሩን ክብደት ከሕዝብም ከምክር ቤቱም ሸሸጉ። በሚቀጥለው ዓመት ሩዝቬልት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ከዋናው ዕጩ ከጄምስ ኮክስ ጋር ሆነው በሽተኛውን ፕሬዚዳንት ሊጠይቁ ዋይት ሐውስ ሄዱ። ዊልሰን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የማይንቀሳቀሰው ክንዳቸው በሻል ተሸፍኖ አገኟቸው። ሁለቱ ዕጩዎች ምርጫውን ተሸነፉ።

ዓመት ሳይሞላ የሩዝቬልት ተራ ደረሰ። በኦገስት 1921፣ ካምፖቤሎ በምትባል የካናዳ ደሴት ዕረፍት ላይ ሳሉ ትኩሳት ያዛቸውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት እግሮቻቸው ከዷቸው። 39 ዓመታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ፖሊዮ ነው አሉ። (ከዛሬዎቹ ሐኪሞች አንዳንዶቹ ሌላ የነርቭ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይከራከራሉ።) ከዚያ ወዲያ ያለ ድጋፍ አልተራመዱም። በ1924 ጆርጂያ ውስጥ ዎርም ስፕሪንግስ የሚባል ፍል ውሃ እንዳለ ሰምተው ሄዱ፤ እኛ አገር ሰው ወገቡን ሲያመው ፍል ውሃ እንደሚወርደው መሆኑ ነው። እግራቸው አልዳነም። ቦታውን ግን ወደዱትና በ1926 ገዙት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ለፖሊዮ ሕሙማን የሚሆን ድርጅት አቋቋሙበት። በ1928 የኒውዮርክ አገረ ገዢ፣ በ1932 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሩዝቬልት ሽባነታቸው በፎቶግራፍ እንዲታይ አይፈልጉም ነበር፤ የበሽታውን ስም ግን አልደበቁም። ከ1934 ጀምሮ የልደታቸው ቀን በየከተማው በዳንስ ምሽት እየተከበረ ገቢው ለፖሊዮ ይውል ጀመር። በ1938 ፖሊዮን የሚዋጋ ብሔራዊ ፋውንዴሽን ሲያቋቁሙ፣ ኮሜዲያኑ ኤዲ ካንተር ሰዉ ሁሉ አሥር አሥር ሳንቲም ወደ ዋይት ሐውስ እንዲልክ በሬዲዮ ለመነ። መቼም የአሜሪካ ሕዝብ እሺ ካለ እሺ ነው። ደብዳቤው እንደ ጎርፍ መጣ፤ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ባለ አሥር ሳንቲም ተቆጠረ። ጆናስ ሳልክ ክትባታቸውን የሠሩት በዚህ ፋውንዴሽን ገንዘብ ነው። ክትባቱ እንደሚሠራ በይፋ የተነገረው አፕሪል 12 ቀን 1955 ሲሆን፣ ዕለቱ ሩዝቬልት የሞቱበት አሥረኛ ዓመት ነበር። አሜሪካኖች ባለ አሥር ሳንቲማቸው ላይ የሩዝቬልትን ምስል የቀረጹት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው በሽታ ሳንቲም የሚለምንለት አልነበረውም። የደም ግፊት አያነክስም፣ አያስነጥስም፣ ብዙውን ጊዜ አያምም። የሩዝቬልት ግፊት በ1935 136/78 ነበር፤ በዚያን ጊዜ የጤነኛ ሰው ቁጥር ተደርጎ የሚታይ ነው። በ1937 162/98 ሆነ። በ1940 178/88፣ በ1941 መጀመሪያ 188/105። ዛሬ አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ ይህን ቢያይ ሰውየውን ከወንበሩ ሳያስነሳ ሐኪም ይጠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ብዙዎቹ ሐኪሞች ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩ የግድ ነው፤ የጠበበውን የደም ሥር አልፎ ለመሄድ ደሙ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ መነካካቱ ጉዳት አለው ብለው ያምኑ ነበር። የሚረባ መድኃኒትም በእጃቸው አልነበረም። የፕሬዚዳንቱ የግል ሐኪም አድሚራል ሮስ ማክኢንታየር ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ነበሩ። ሩዝቬልት በሳይነስ ይሠቃዩ ስለነበር ለዚያ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለልብና ለደም ሥር ግን አልነበረም።

በማርች 1944 ልጃቸው አና የአባቷ መድከም አላምር ስላላት ምርመራ እንዲደረግላቸው ወተወተች። ቤተስዳ ባለው የባሕር ኃይል ሆስፒታል የመረመሯቸው ወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ነበሩ። ያገኙት ነገር አስደነገጣቸው፤ ግፊቱ 186/108፣ ልባቸው አብጧል፣ ሳንባቸው ውሃ መያዝ ጀምሯል። ብሩን የልብ መድኃኒት፣ ጨው የቀነሰ ምግብ፣ ዕረፍትና ሲጋራ መቀነስ አዘዙ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ያዩዋቸው ነበር። የሚደንቀው ታዲያ፣ ብሩን ከዓመታት በኋላ እንደመሰከሩት፣ በሽተኛው አንድም ቀን ግፊቴ ስንት ነው፣ ይህ ክኒን ለምንድን ነው ብለው አልጠየቁም። ስለ ፖሊዮ አገር ያስተማሩ ሰው!

ማክኢንታየርም ፕሬዚዳንቱ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው እያሉ ለጋዜጠኞች መናገራቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡ በኖቬምበር 1944 ለአራተኛ ጊዜ መረጣቸው። በዚያው ወር መጨረሻ ግፊታቸው 260/150 ደርሶ ነበር። ድምፅ የሰጠው ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? እኔ እንጃ። ግን የማወቅ መብት ነበረው ባይ ነኝ።

ከያልታ ሲመለሱ የኛም አገር ታሪክ ይነካቸዋል። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ መሥመር ላይ ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ጃንሆይን ተቀበሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ ይዘው ነበር የቀረቡት። ያቺ አገር በዚያች ሰዓት ተስፋዋን የጣለችበት ሰው የደም ሥሮች ምን ላይ እንደነበሩ መርከቧ ላይ ከነበሩት የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢሆኑ ነው። ለመሞት 58 ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በነሱ አፕሪል 12 ቀን 1945፣ ሩዝቬልት ዎርም ስፕሪንግስ በሚገኘው ትንሽ ቤታቸው ወረቀት እያገላበጡ ተቀምጠዋል። ሠዓሊዋ ኤሊዛቤት ሹማቶፍ መልካቸውን እየሣለች ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሰደው ከባድ ሕመም እንደተሰማቸው ተናገሩና ራሳቸውን ሳቱ። ብሩን ሲደርሱ የላይኛው ቁጥር ከ300 በላይ፣ የታችኛው 190 ሆኖ አገኙት። ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አረፉ። 63 ዓመታቸው ነበር። ምክትላቸው ሃሪ ትሩማን፣ አገራቸው አቶሚክ ቦምብ እየሠራች መሆኑን እንኳ በቅጡ ሳይነገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማክኢንታየር በ1946 ባሳተሙት መጽሐፍ እንኳ የሰውየው ግፊት አሳሳቢ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። የፕሬዚዳንቱ የሕክምና ፋይል ደግሞ ከቤተስዳው ሆስፒታል ካዝና ጠፍቶ ቀረ።

ሞታቸው ግን እንደ ፋይሉ አልጠፋም። የልብና የደም ሥር በሽታ የአሜሪካ ቀንደኛ ገዳይ መሆኑን እነ ሜሪ ላስከር ቀድሞም ይወተውቱ ነበር፤ ትሩማን ጁን 16 ቀን 1948 የልብ ጤና ሕጉን ፈረሙ፣ ብሔራዊ የልብ ኢንስቲትዩትም ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ነዋሪዎችን በየሁለት ዓመቱ እየመረመሩ ዕድሜ ልክ መከታተል ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ 5,209 ነበሩ። ከነሱ የተገኘው ነገር የማክኢንታየርን ዘመን እምነት ገለበጠው፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ግፊት ጤና አይደለም፣ ዋናው የስትሮክ አባት እሱ ነው። ቀጥሎ በ1967 ኤድዋርድ ፍሬይስ 143 የቀድሞ ወታደሮችን ለሁለት ከፍለው ውጤቱን አሳተሙ። መድኃኒት በሚውጡት ላይ 2፣ ባዶ ክኒን በሚውጡት ላይ 27 ከባድ አደጋ ደረሰ። በ1970 ደግሞ ዶክተር ብሩን ዝምታቸውን ሰብረው የሩዝቬልትን ቁጥሮች ከነቀናቸው በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ።

እውነተኛው ዘመቻ የተጀመረው በ1972 ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፖስተር ሰዉ ቁጥሩን እንዲያውቅ፣ ካወቀም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ መቀስቀስ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ስለ መኖሩም አያውቁም ነበር። ከ1970 እስከ 2000 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የስትሮክ ሞት ምጣኔ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የዘመቻው ብቻ ውጤት ነው አልልም፤ ሲጋራውም ቀንሷል፣ መድኃኒቱም ተሻሽሏል። ኋላ ሌላ ዓይነት ቅስቀሳ ተጨመረበት፤ እንግሊዞች በ2009 በሰው ጭንቅላት ውስጥ እሳት ሲቀጣጠል የሚያሳይ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀቁ። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ደቂቃ ሳታባክኑ አምቡላንስ ጥሩ ነው መልእክቱ። ምክንያቱም ስትሮኩ የደም ሥር ተዘግቶ የመጣ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ይህን ስጽፍ አጎቴን አስባለሁ። የግፊት ክኒናቸውን የሚውጡት ራሳቸውን ባመማቸው ቀን ብቻ ነበር። አንድ ማለዳ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሎ ተነሱ። ከዘመዶቻችን ግማሹ ነፋስ ነው ሲል፣ ግማሹ ሰይጣን በጥፊ መቷቸው ነው ሲል ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ዋሉ። ስናረዳ ለቅሶ ደራሹ የሰማው የተለመደውን ነው፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። የትኛው ሕመም? እንደሱ ብሎ የጠየቀ የለም። ለነገሩ ዳግማዊ ምኒልክም ሽባ ሆነው፣ አንደበታቸው ተይዞ ዓመታት ሲተኙ ሕመማቸው የቤተ መንግሥት ምሥጢር ነበር፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ተደብቋል። በየድራሩ ከእኩዮቼ ጋር ስንቀመጥ የመኪናችንን የዘይት መቀየሪያ ኪሎ ሜትር የማያውቅ የለም፤ ግፊቱን ጠይቁት ግን ይስቃል።

በ2018 የወጣ አንድ ጥናት አለ። በሎስ አንጀለስ 52 የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶች ውስጥ አስተካካዮቹ ግፊት ያለባቸው ደንበኞቻቸው እንዲታከሙ ይገፋፉ ነበር፤ በከፊሎቹም ፋርማሲስት እዚያው እየመጣ መድኃኒት ያዝላቸው ነበር። በተሳተፉት 319 ወንዶች ላይ በተደረገው ክትትል፣ ፋርማሲስቱ በሚመጣባቸው ፀጉር ቤቶች የላይኛው ቁጥር በስድስት ወር ውስጥ በአማካይ 27 ነጥብ ወረደ። ይህንን በቀደም ለፀጉር አስተካካዬ ነገርኩት። መቀሱን አቁሞ ትንሽ አሰበና፣ መለኪያው ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።