አምፖሉን የሠራው ሰው ለባትሪ የከፈለው አሥር ዓመት

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ነው። ስሙን ሁላችንም ከልጆቻችን ደብተር እናውቀዋለን፤ አምፖል የሠራው ሰው እየተባለ ይነገርለታል። እኛ ግን የምንጽፈው ከአምፖሉ በኋላ አሥር ዓመት ስለፈጀበት ሌላ ሥራው ነው፤ እሱም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነው። ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው። እዚህ ሺሺንዳ ውስጥ ከቡናና ከማር ያገኘነውን ብር ለእጅ ባትሪ ከፍለን፣ ባትሪው አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር የጣልነው ስንቶቻችን ነን?

ኤዲሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሚላን በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያስተማረችው ቀድሞ መምህርት የነበረችው እናቱ ናንሲ ናት። በ12 ዓመቱ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ። ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ አይሰማም ነበር። በወጣትነቱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ፤ ቴሌግራፍ ደግሞ ያኔ የሚሠራው በባትሪ ነበርና ከባትሪ ጋር የተዋወቀው ገና በጠዋቱ ነው።

በ1876 ሜንሎ ፓርክ በተባለ ቦታ የምርምር ቤት ከፈተ። በ1877 ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ አወጣ፣ በ1879 ለረጅም ሰዓት የሚበራ አምፖል ሠራ፣ በ1882 ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ ኤሌክትሪክ ማከፋፈል ጀመረ። ይህን ሁሉ ብቻውን አልሠራውም፤ አብረውት የሚደክሙ ብዙ ባለሙያዎች ነበሩት። የመጀመሪያ ሚስቱ ሜሪ በ1884 ሦስት ልጆች ትታ ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚና የተባለች ወጣት አገባና ከእሷም ሦስት ልጆች ወለደ።

ወደ ባትሪው ሥራ የገባው ግን በ1899 ግድም፣ ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። በእኛ አገር ታሪክ ብናስታውሰው፣ የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች ነበሩ። ባትሪያቸው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 የፈለሰፈው፣ እርሳስና አሲድ ያለበት ዓይነት ነው። ከባድ ነው፤ አሲዱም የነካውን ሁሉ ይበላል። ኤዲሰን በእርሳሱ ፋንታ ብረትና ኒኬል፣ በአሲዱ ፋንታ ደግሞ የአመድ ውሃ ባሕርይ ያለው፣ ግን ከአመድ ውሃ እጅግ የበረታ ፈሳሽ ለመጠቀም ተነሣ። በዚያው ሰሞን ስዊድን ውስጥ ዋልደማር ዩንግነር የሚባል ሰው በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ ነበር።

ኤዲሰን አዲሱን ባትሪ በ1903 ገበያ ላይ አዋለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነበት። ባትሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠሩ፤ ቆየት ሲሉ ግን አንዳንዶቹ ማፍሰስ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ኃይል የመያዝ አቅማቸው ወረደ። እዚህ ላይ ሰውየው ያደረገውን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። በስሙ ታዋቂነት እየሸጠ መቀጠል ይችል ነበር። እሱ ግን ማምረቱን አቆመ፤ የተበላሹትንም መልሶ ተቀበለ። ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎች ሲያደርግ ቆይቶ፣ የተሻሻለውን ባትሪ ያወጣው በ1909 ነው።

ይህኛው ባትሪ ጠንካራ ሆነ። ጨርሶ ቢራገፍም፣ ከልክ በላይ ቻርጅ ቢደረግም ቶሎ አይጎዳም፤ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ፎርድ በ1908 በቤንዚን የሚሄድ ርካሽ መኪና ማውጣት ጀምሮ ስለነበር፣ የታሰበለት ገበያ ወዲያው ጠበበ። ባትሪው ራሱም ጉድለት ነበረበት፤ ውድ ነው፣ ብርድ ላይ ይደክማል፣ ሳይሠራበት ሲቀመጥም ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ እንጀራውን ሌላ ቦታ አገኘ። ለባቡር መብራት፣ ለባቡር መንገድ ምልክቶችና ለማዕድን ቆፋሪዎች የራስ ላይ መብራት ዋለ። ኤዲሰን በጥቅምት 1931፣ በ84 ዓመቱ ሲሞት ባትሪው ገና ይመረት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

ከዚህ ሕይወት ለቤታችን የምንወስደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሚመዘነው ሱቅ ውስጥ ሲበራ ባሳየው ድምቀት ሳይሆን መቶ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ በሚሰጠው ብርሃን ነው። ደግሞም ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ባትሪ የለም።

ለምሳሌ በድንጋይ የሚሠራውን የእጅ ባትሪና ሬዲዮ እንውሰድ። ማታ ማታ የምንጠቀምባቸው ስለሆኑ ድንጋይ ቶሎ ይጨርሳሉ። ለእነዚህ ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ድንጋይ ያዋጣል። ኃይሉ 1.2 ቮልት ነው፤ ተራው ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው። ልዩነቱ አያስደንግጠን፤ ተራው እየዋለ እያደረ ሲወርድ የኒኬሉ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም አይዋዥቅም። የግድግዳ ሰዓት ግን የሚፈልገው ኃይል በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ተራ ድንጋይ ብዙ ወራት ያቆየዋል። እዚያ ላይ ውድ ባትሪ መክተት ብር ማባከን ነው።

ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ ከሚደረጉት ርካሽ የእጅ ባትሪዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ያው የፕላንቴ እርሳስ ነው። የእርሳስ ባትሪ ትልቁ ጠላቱ ባዶውን መቀመጥ ነው። ተራግፎ ሲሰነብት እርሳሱ ላይ ጠጣር ነገር ይጋገርና ከዚያ ወዲያ ኃይል አይቀበልም። መብራት ጠፍቶ ከሰነበተ በኋላ ብዙ የእጅ ባትሪዎች የሚሞቱት በዚህ ነው። እንግዲህ ድክም ሲል አታስጨርሱት፤ መብራት እንደመጣ ቻርጅ አድርጉት፣ ባትጠቀሙበትም በየወሩ ሙሉት።

የሞባይልና የብዙዎቹ የሶላር መብራቶች ባትሪ ሊቲየም ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ተቀምጦም ኃይሉን ብዙ አያጣም። ጨርሶ እስኪዘጋ መጠበቅ አያስፈልገውም። የሚጎዳው ሙቀት ነውና ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ካበጠ ደግሞ መጠቀሙን ተዉት። በእኛ አገር ዝናቡ ብዙ፣ ደመናውም ወፍራም ስለሆነ ሶላሩ በክረምት በቀን ውስጥ ላይሞላ ይችላል። የሶላሩን ፊት መጥረግ፣ ዛፍ ጥላ ከማይጥልበት ቦታ ማኖርና ማታ በዝቅተኛው ብርሃን መጠቀም ይረዳል።

የደከመ ተራ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የለመድነው ነው። ጥቂት ደቂቃ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ቻርጅ አያደርገውም። ቻርጅ ለማይደረግ ድንጋይ ቻርጀር መጠቀም ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ያለቀውን ባትሪ እሳት ውስጥም ሆነ እንሰት ጓሮ አንጣል። ውስጡ ያለው እርሳስና ሌላ ብረት አፈርና ውሃ ይበክላል፣ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።

እኅቶች፣ ይህ የትርፍ ነገር ወሬ አይደለም። ምጥ ሌሊት ይመጣል፤ ልጅም ፈተና ሲደርስ ማታ ያጠናል። የእጅ ባትሪው በዚያ ሰዓት ከከዳ የምንመለሰው ወደ ኩራዝና ወደ ጭሱ ነው። ስለዚህ ከቁጠባችን መብራት በጋራ ለመግዛት ስናስብ አንድ ብቻ ቀድመን እንግዛ። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ እንጻፍ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንቁጠር። ሰዓቱ ካልወረደ የቀረውን እንግዛ። ሻጩንም ቢበላሽ መልሶ እንደሚቀበል የሚገልጽ ደረሰኝ እንጠይቀው። ኤዲሰን ያንን ያህል ዝና ይዞ የተበላሸውን መልሶ ከተቀበለ፣ እኛም ለለፋንበት ብር ይህንኑ መጠየቃችን ነውር የለውም።