አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ (1357 ዓ.ም. ገደማ – ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ፣ መምህርና የግእዝ ደራሲ ነበሩ። መጠሪያቸውን ያገኙበት የጋስጫ ገዳም በደቡብ ወሎ፣ ዋና ከተማው መካነ ሰላም በሆነው በቦረና አካባቢ ይገኛል። የትውልድ ቦታቸው ሸግላ ስለሚባል በአንዳንድ መጻሕፍት ጊዮርጊስ ዘሸግላ ተብለው ተጠቅሰዋል።

አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥቱ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላኩ። ሐይቅ በዚያ ዘመን የታወቀ የትምህርት ቦታ ቢሆንም ለጊዮርጊስ ትምህርቱ አልገባ አላቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው መምህራቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ አባታቸው መለሷቸው፤ አባት ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው እንደማይቀበሉ፣ መማር ካልቻለም ገዳሙን እንዲያገለግል አስታውቀው መልሰው ሰደዱት። የሊቅ ልጅ ከደቀ መዛሙርቱ ተለይቶ ለመነኮሳቱ እህል መፍጨት ጀመረ። የድንጋይ ወፍጮ ወገብና ክንድ የሚጨርስ ሥራ ነው፤ በአገሩ ልማድም የሴቶች ድርሻ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ውርደቱ ከድካሙ አያንስም። ጊዮርጊስ በዚህ አገልግሎት ዓመታት አሳለፉ፤ ሌሊት ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው እያለቀሱ ይጸልዩ ነበር። ገድሉ የአእምሯቸውን መከፈት የሚያያይዘው ከዚህ ጸሎት ጋር ነው፦ ድንግል ማርያም ተገልጣ የጥበብ ጽዋ አጠጣቻቸው ይላል።

ከዚያ በኋላ ዝናቸው እስከ ዐፄ ዳዊት ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ የንጉሡን ልጆች እንዳስተማሩም ይነገራል። ከንጉሥ መቅረብ ግን ከመከራ አላዳናቸውም። ቢቱ ከተባለ ሰው ጋር በሃይማኖት ተከራክረዋል፤ በንጉሡ ዘንድ ተከሰውም ታስረዋል። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ የሚል አቋማቸው ቅዳሜን ከማያከብሩት ካህናት ጋር አጋጭቷቸዋል። ይህ ሐሳብ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸድቋል፤ እርሳቸው ከሞቱ 25 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከድርሰቶቻቸው ትልቁ በ1416 ዓ.ም. የተፈጸመው «መጽሐፈ ምሥጢር» ነው። የቀደሙትን መናፍቃንና በዘመናቸው የተነሡትን ትምህርቶች አንድ በአንድ እያነሣ ይሞግታል፤ ጠጣር ንባብ ነው። ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በየገዳማቱና በየአድባራቱ ሌሊት በሚቆመው «ሰዓታት» ነው። «አርጋኖን»ም በትውፊት የእርሳቸው ድርሰት ይባላል።

ዓመታዊ መታሰቢያቸው ሐምሌ 7 ቀን በጋስጫ ይከበራል።