የመርከብን ሚዛን የመረመረው ዊልያም ፍሩድ

የፎገራ ልጅ የውሃን ጠባይ ለማወቅ ብዙ መጽሐፍ አያሻውም። ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ያያል። ደግሞም እስከ አፉ የሞላ እንስራ በጀርባ ላይ ጸጥ ሲል፣ የጎደለው ግን ውስጡ እየተናጠ ተሸካሚዋን ወዲያና ወዲህ ሲጎትታት ተመልክቷል። በጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህ ጎኑ ቢቀደድም ወዲያው አይሰጥምም። የብረት መርከብ ከተበሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገባው ውሃ መርከቡ ወዳዘነበለበት ወገን ይሮጥና ይበልጥ ያዘነብለዋል። ይህን ጉዳይ በሙከራ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እነሆ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሩድ በ1810 በዴቨን አውራጃ፣ ዳርቲንግተን በሚባል ስፍራ ከካህን አባት ተወለደ። በኦክስፎርድ ሒሳብ ተምሮ በከፍተኛ ማዕረግ ከጨረሰ በኋላ በስመ ጥሩው መሐንዲስ በብሩኔል ሥር በምድር ባቡር ሥራ አገለገለ። ብሩኔል ግሬት ኢስተርን የተባለውን እጅግ ግዙፍ መርከብ ሲያሠራ፣ መርከቡ በማዕበል ላይ እንዴት እንደሚወዛወዝ እንዲመረምርለት ፍሩድን ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ፍሩድ ከመርከብ ጉዳይ አልተለየም።

የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሰጥቶት በቶርኪ ከቤቱ አጠገብ 85 ሜትር ያህል የሚረዝም ገንዳ አሠራ፤ በ1872 በሰም የተሠሩ ትናንሽ የመርከብ አምሳያዎችን እየጎተተ መፈተን ጀመረ። ብዙዎች መጫወቻ ነው ብለው ንቀውት ነበር። እሱ ግን ሕጉን አገኘ፤ ይኸውም የአምሳያው ርዝመት የመርከቡ አንድ አሥራ ስድስተኛ ቢሆን ፍጥነቱ አንድ አራተኛ ይሁን፣ ያን ጊዜ ትንሹ የሚያስነሣው ማዕበል የትልቁን ይመስላል የሚል ነው።

ታላቁ ፈተና በ1877 መጣ። ኢንፍሌክሲብል የተባለው የጦር መርከብ መካከሉ በወፍራም ብረት የታጠረ ሲሆን በስተፊትና በስተኋላ ያሉት ጫፎቹ ጥሩር አልነበራቸውም። ቀድሞ የባሕር ኃይሉ ዋና የመርከብ ነዳፊ የነበረው ሪድ፣ ጫፎቹ በጥይት ተበሳስተው ውሃ ቢሞላቸው መርከቡ ይገለበጣል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብርቱ ክርክር ሆነ፤ የብዙ መርከበኞች ሕይወት የሚያሰጋ ነበርና። አራት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሲቋቋም ፍሩድ አንዱ ሆነ። እሱም በክርክሩ ውስጥ ከመግባት ይልቅ አምሳያ አሠርቶ፣ ጫፎቹን ውሃ አስገብቶ በማዕበል ላይ ፈተነው። ሚዛኑ ቢቀንስም መርከቡ እንደማይገለበጥ ኮሚቴው ወሰነ። ደግሞም አስገራሚ ነገር ታየ። በጫፎቹ ውስጥ የሚመላለሰው ውሃ ከመርከቡ ዘግይቶ ስለሚደርስ መወዛወዙን ይገታው ነበር። ኋላም ለዚያው መርከብ መወዛወዙን የሚቀንሱ የውሃ ጋኖች ተሠሩለት። እንግዲህ አንዱ ውሃ እንደ አኳኋኑ ገዳይም አዳኝም ነው።

የሕይወቱ አሳዛኝ ክፍል በሃይማኖት በኩል ነው። ሚስቱና አብዛኞቹ ልጆቹ ካቶሊክ ሲሆኑ እሱ ግን በማናቸውም ነገር ፍጹም እርግጠኛነት አይገኝም እያለ ብቻውን ቀረ። ወዳጁ ኒውማን ለብዙ ዓመት በደብዳቤ ተከራከረው። ይህ ጥርጣሬ ለነፍሱ በጀው ለማለት አልደፍርም፤ መርከቦችን ግን ጠቅሟል። ሚስቱ በ1878 ሞተችበት። ኀዘኑን ለማስረሳት በጦር መርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሳለ ታመመና በግንቦት ወር 1879 በሲሞንስታውን ዐረፈ፤ ኒውማን ከሮማ ይጽፍለት የነበረው ረጅም ደብዳቤም አልደረሰውም። ቀብሩ በባሕር ኃይል ክብር ተፈጸመ፤ ሥራውን ልጁ ሮበርት ኤድመንድ ቀጠለበት።

በ1994 ኤስቶኒያ የተባለችው መርከብ በባልቲክ ባሕር ላይ የመኪናዎቿን ወለል ውሃ ገብቶበት ስትሰጥም 852 ሰዎች አልቀዋል። ዛሬ እንዲህ ያለውን አደጋ ኮምፒዩተር ያሰላዋል። ሉሲ፣ ጊንጎልድና ሞናጋን በ1977 ስለ ከዋክብት ያወጡት ስሌት ኋላ ለውሃ ዋለ። ውሃው በብዙ ሺሕ ቅንጣቶች ይከፈላል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ጎረቤቶቿን እየገፋች ትሄዳለች፤ ስለዚህ በቀዳዳው የሚገባው ውሃ ሲረጭ፣ ሲበተንና እንደ ገና ሲገናኝ መከተል ይቻላል። ነገር ግን ስሌቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ መሐንዲሶች አሁንም አምሳያ ይሠራሉ፤ ጎኑን ይበሱና በፍሩድ ሕግ መሠረት በገንዳ ውስጥ ይለቁታል።