አኒቄጦስና ፊቅጦር፤ ሁለት የጥንት የሮም ጳጳሳት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚመሰገነው ያሸነፈው ሰው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሳያሸንፍ ሰላምን ያተረፈ አንድ ሰውና፥ ብርቱ ሆኖ ሳለ ሰላምን ሊያፈርስ የተቃረበ ሌላ ሰው እናነጻጽራለን። ሁለቱም በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮም መንበር የተቀመጡ ጳጳሳት ናቸው። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አኒቄጦስ በትውልዱ የሶርያ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። መንበሩን የያዘው በ155 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያው ወራት የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊቃርጶስ ሮም ገባ። ፖሊቃርጶስ ዕድሜው ከሰማንያ ያለፈ፥ ከሐዋርያው ከዮሐንስ የተማረ ሽማግሌ ነበረ። ከተነጋገሩባቸው ነገሮች አንዱ የትንሣኤ በዓል ነው። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር በምዕራብ በኩል የነበሩት የእስያ ክርስቲያኖች በዓሉን የሚያከብሩት በአይሁድ ወር በኒሳን በ14ኛው ቀን ነበረ፤ ዕለቱ ሰኞም ይሁን ዓርብ አይለዩም። የሮም ክርስቲያኖች ግን ከእሑድ በቀር አያከብሩም ነበር። አንዱ ሲጾም ሌላው ይፈስክ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ አባቶች ቢነጋገሩም አንዱ ሌላውን ሊያሳምን አልቻለም። ነገር ግን አኒቄጦስ እንግዳውን አክብሮ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲቀድስ ፈቀደለት፤ በሰላምም ተለያዩ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ በ189 ዓ.ም. ገደማ ፊቅጦር በዚያው መንበር ተቀመጠ። እርሱ የሰሜን አፍሪቃ ተወላጅ ነው ይባላል። ለወገኖቹም የሚያስብ ሰው ነበረ። በሰርዲንያ ደሴት በማዕድን ጉድጓድ በግዞት ይሠሩ የነበሩትን ክርስቲያኖች ስም ጽፎ ለንጉሠ ነገሥቱ ለኮሞዶስ ቁባት ለማርቅያ ሰጣት፤ እርስዋም አስፈታቻቸው። ከተፈቱትም አንዱ ካሊስጦስ በኋላ ራሱ የሮም ጳጳስ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ፊቅጦር የበዓሉን ልዩነት አልታገሠም። በየአገሩ ጉባኤ ተደርጎ አብዛኞቹ በእሑድ ሲስማሙ፥ የኤፌሶን ጳጳስ ፖሊክራጥስ የአባቶቹን ሥርዓት እንደማይተው ጻፈለት። ፊቅጦርም የእስያን አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ ከአንድነት ሊለይ ተነሣ።

በዚህ ጊዜ የመከረው ባላጋራው ሳይሆን ወገኑ ነው። የሊዮን ጳጳስ ሄሬኔዎስ ራሱ በእሑድ የሚያከብር ነበረ፤ በልጅነቱ ግን የፖሊቃርጶስን ትምህርት ሰምቷል። ስለዚህ ለፊቅጦር ደብዳቤ ጽፎ የአኒቄጦስን ሥራ አሳሰበው። ይህንንም ታሪክ አውሳብዮስ መዝግቦ አቆይቶልናል።

ነገሩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። በእኛ ትውፊት ባሕረ ሐሳብን የደረሰው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ የፊቅጦር ዘመን ሰው ነበረና። ሁሉም በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ የተወሰነውም ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ነው።

ፊቅጦር ስለ እሑድ የነበረው አሳብ ጸንቷል። ነገር ግን እውነት ከእኔ ጋር ነው ያለ ሁሉ ወንድሙን ለማባረር ሥልጣን አለው ማለት አይደለም። ከዚህ ትምህርት ቤት ልንወጣ የተቃረብን እኛም ነገ በየሥራችን ከብዙ ሰው ጋር እንከራከራለን። ያን ጊዜ እንደ አኒቄጦስ የሚታገሥ ልብ፥ ስንሳሳትም እንደ ሄሬኔዎስ ደፍሮ የሚመክር ወዳጅ እንዲኖረን እንመኛለን።