ልጅ እንዳልካቸው መኮንንና የ1966 ዓ.ም. ሥራ ማቆም



ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተመደብሁ ጊዜ አስቀድመው ወደ አሳቤ የመጡት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነበሩ። የተወለዱበት አንጎለላ ከከተማችን ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም፤ አንኮበርም የሸዋ ንጉሥ ሆነው የተቀመጡበት ከተማ ነው። ዳሩ ግን ስለ እርሳቸው በየጊዜው ስለሚጻፍ፣ ሌላ ሰው እንዲጠቁሙኝ ጡረታ የወጡትን መምህር አያቴን ጠየቅኋቸው። አባባ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ስለ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን እንድጽፍ መከሩኝ። ለምን እርሳቸውን እንደ መረጡ ያን ጊዜ አልነገሩኝም፤ ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው።

ልጅ እንዳልካቸው በ1919 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው አዲስጌ ከሚባለው የሸዋ መኳንንት ቤተሰብ የተወለዱ፣ ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ብዙ መጻሕፍትንም የደረሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ልጅ እንዳልካቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የመንግሥትን ሥራና የመጽሐፍን ፍቅር በአባታቸው ቤት እያዩ አደጉ። ለከፍተኛ ትምህርትም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከፍ ወዳለ ሹመት ለመድረስ ብዙ ዘመን አልፈጀባቸውም። በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆኑ፤ ቀጥሎም የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ሆነው ሠሩ። አገራችን የጸጥታው ምክር ቤት አባል በነበረችበት ጊዜ በዚያ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ዓለም ሰላም የተከራከሩ እርሳቸው ናቸው። በ1964 ዓ.ም. የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ሲመረጥ ስማቸው ከእጩዎቹ መካከል ተነሥቶ ነበር፤ ምርጫው ግን ለኦስትሪያዊው ለኩርት ቫልድሃይም ሆነ። አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበሩ።

ከ1961 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ልጅ እንዳልካቸው የመገናኛ ሚኒስትር ሆኑ። ፖስታም በዚህ ሚኒስቴር ሥር ነበረ። ጥንት በአገራችን መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ በእግሩ ይገሠግሥ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዘመናዊውን ፖስታ አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። አንድ ደብዳቤ ከእጃችን ወጥቶ ለዘመዳችን እስኪደርስ ድረስ ቴምብር የሚሸጠው፣ ማኅተም የሚመታው፣ የሚለየው፣ የሚጭነውና የሚያድለው ሁሉ እጅ ለእጅ መያያዝ አለባቸው። ከእነርሱ አንዱ ብቻውን ሥራውን ቢተው ከሥራ ይባረራል፤ ሁሉም በአንድነት ቢያቆሙ ግን አገር ሁሉ ያውቀዋል። የሠራተኛ ኃይል ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ስለዚህ ነው።

ልጅ እንዳልካቸው የመገናኛ ሚኒስትር በነበሩባቸው ዓመታት በውጭ አገር ሁለት ታላላቅ የፖስታ ሥራ ማቆሞች ተደርገዋል። በመጋቢት 1962 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት መቶ ሺህ ያህል የፖስታ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ ሕጉ ሥራ ማቆምን ይከለክላቸው ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ደብዳቤ እንዲለዩ ወታደሮችን ወደ ኒው ዮርክ ላኩ፤ ሆኖም ጠመንጃ መያዝና ደብዳቤ መለየት የተለያየ ሙያ ነውና ነገሩ የተፈጸመው በድርድርና በደመወዝ ጭማሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞች 47 ቀን ሥራ አቁመው ቆዩ። እዚያ ግን ከስልክ ሠራተኞች ብዙዎቹ ወደ ሥራቸው ገቡ፤ የማኅበሩም ገንዘብ አለቀ፤ ሠራተኞቹ የፈለጉትን ሳያገኙ ተመለሱ። ባልደረቦቹ ሥራ ሲያቆሙ እርሱ ግን የሚገባውን ሰው አድማ ሰባሪ ይሉታል።

በአገራችንም በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ፣ ተቋቁሞ ነበር፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አቶ አበራ ገሙ ነበሩ። የሠራተኛና የአሠሪ ጉዳይ አዋጅም ወጣ። ነገር ግን አዋጁ የፋብሪካና የኩባንያ ሠራተኛ እንዲደራጅ ሲፈቅድ የመንግሥትን ሠራተኛ አላካተተም። ስለዚህ በልጅ እንዳልካቸው ሚኒስቴር ሥር የሚሠራው የመንግሥት ጸሐፊና ደብዳቤ አዳይ በሕግ የታወቀ የሠራተኛ ማኅበር ሊኖረው አልቻለም። የአገሩን መልእክት ሁሉ የሚያደርሰው ሰው የራሱን አቤቱታ የሚያደርስበት መንገድ አልነበረውም ማለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. ነገሩ ገነፈለ። በወሎ ብዙ ሕዝብ በረኃብ አልቆ ነበር፤ በዓለም የነዳጅ ዋጋ በመናሩ በአገራችንም ቤንዚን ተወደደ፤ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ ደግሞ የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያስቀራል ተብሎ ተጠላ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ማስተማር አቆሙ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም መኪናቸውን አቆሙ።

አያቴ የራሳቸውን ታሪክ የነገሩኝ እዚህ ላይ ስደርስ ነው። ያን ጊዜ በአውራጃችን በአንድ ትምህርት ቤት አዲስ ተቀጥረው ያስተምሩ ነበር። እናታቸውንና ሦስት ታናናሾቻቸውን የሚያኖሩት በዚያች ደመወዝ ነበረ። ባልደረቦቻቸው ሁሉ ሲያቆሙ እርሳቸው ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። ከተማሪዎቹ የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ማን እንደ ገለበጠው እንኳ አያስታውሱም። በኋላ መምህራኑ ሲመለሱ አንድም ሰው አልሰደባቸውም፤ ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት ቡና ሲጠጣ የሚጠራቸው ጠፋ። ሌሎቹ ደመወዛቸውን ለአደጋ ሰጥተው ሴክተር ሪቪው እንዲቀር አደረጉ፤ የእርሳቸው ታናናሾች ግን ከሁሉ ጋር እኩል ተጠቀሙበት። አባባ እስከ ዛሬ የሚያማቸው ስድብ ሳይሆን ይህ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም ልፈርድባቸው አልቻልሁም፤ የራበው ታናሽ ወንድም ያለውን ሰው መፍረድ ለማን ይቀላል?

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የካቲት 21 ቀን ልጅ እንዳልካቸው በአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በተሾሙ በሳምንታቸው፣ የካቲት 28 ቀን፣ በአቶ በየነ ሰሎሞን የሚመራው ኢሠአማ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ሥራ ማቆም አወጀ። በአሥር ሺሆች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተባበሩ፤ ፋብሪካው ዝም አለ፤ አውቶቡሱና ባቡሩ ቆመ። የጠየቁትም ዝቅተኛ የደመወዝ ልክ እንዲወሰን፣ የሠራተኛው አዋጅ እንዲሻሻል፣ የመንግሥት ሠራተኛም እንዲደራጅ ነበረ። በዚያ ቀን ሠራተኛው እርስ በርሱ ስላልተከዳ መንግሥት በአራተኛው ቀን ግድም ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ፈረመ። እንግዲህ ልጅ እንዳልካቸው በዓለም ጉባኤ የተማሩትን የድርድር ሙያ በአገራቸው ላይ ሠሩበት፤ ይህ ሊመሰገንላቸው ይገባል።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠበበ። ኢሠአማ ያገኘውን ያየ ሁሉ፣ በሕግ ያልተፈቀደለት የመንግሥት ሠራተኛ ጭምር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን ይዞ ተነሣ፤ ካህናት ሳይቀሩ ስለ ደመወዛቸው ጮኹ። ልጅ እንዳልካቸው የመሬት ይዞታንና ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ተስፋ ሰጥተው ሕዝቡን ፋታ ለመኑ። ፋታ የምትለዋ ቃል ከስማቸው ጋር ተያይዛ ቀረች። ዘመኑን የኖሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ስማቸውን ስናነሣ አስቀድመው የሚያስታውሱት እርሷን ነው። ፋታ መለመን በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ቤት በአንድ ቀን አይሠራምና። ችግሩ ግን ብዙ ዘመን ሳይሰማ የቆየ ሰው ፋታ ሲጠየቅ ዳግመኛ ዝም በል የተባለ መስሎት መቆጣቱ ነው። መንግሥትም በአንድ እጁ ተስፋ እየሰጠ በሌላው እጁ ሥራ ማቆምንና ሰልፍን ለመግታት ወደ ወታደር ማዘንበሉ እምነት አሳጣው።

ወታደሩ ግን የራሱን ኮሚቴ አቋቁሞ ነበርና ሐምሌ 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ልጅ እንዳልካቸው ከሥልጣን ወረዱ፤ ኋላም ታሠሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አምስት ወር ያህል ብቻ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ። በዚያው ወር ኢሠአማ ሥልጣን ለሕዝብ መንግሥት እንዲሰጥ ጠየቀ፤ ደርግም መሪዎቹን አሠረ። ስለ እነርሱ ሥራ እንዲቆም ቢጠራ በየካቲት የተባበረው ሠራተኛ በመስከረም አልተባበረም፤ ጥሪው ከሸፈ። ድሩ ሲበጣጠስ አንበሳው እንደ ተፈታ ያሳያል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ልጅ እንዳልካቸው ከሌሎች ስድሳ ከሚጠጉ ባለሥልጣኖች ጋር በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። የተሾመው የምርመራ ኮሚሲዮን ሥራውን አልጨረሰም ነበር፤ ፍርድ ቤትም አልቀረቡም፤ ምስክርም አልተሰማም። ዕድሜያቸው አርባ ሰባት ነበረ። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከተጣለበት ወጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

የአባባ ታሪክ መጨረሻም በዚያው ሰሞን ነው። ወሬው በሬዲዮ ሲነገር በትምህርት ቤቱ ግቢ ያጨበጨቡ ነበሩ። አባባ ከዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ በየካቲት መምህራኑን አስተባብሮ የነበረው ባልደረባቸው መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዘጠኝ ወር በኋላ መጀመሪያ ያነጋገራቸው እርሱ ነው። እርሱና ጓደኞቹ ሥራ ያቆሙት ድኻው እንዲሰማና ዳኝነት እንዲያገኝ እንጂ ሌላው ሳይሰማ እንዲሞት እንዳልነበረ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ወዳጃቸው ሆነ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት እኔ የተማርሁት ይህን ነው። ሠራተኛ ሲተባበር የሚጠይቀው ነገር በመጨረሻ አንድ ነው፤ እርሱም መሰማት ነው። ልጅ እንዳልካቸው የሠራተኛውን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰምተው ፈረሙ፤ ኋላ ግን መስማት ከበዳቸው። በፍጻሜው እርሳቸውም የሚሰማቸው ዳኛ አጡ። ባልደረባችን ሲበደል ከእርሱ ጋር መቆም መልካም ነው፤ ከእኛ ጋር ያልቆመውም ሆነ በእኛ ላይ የቆመው ሰው ሳይሰማ ሲፈረድበት ዝም አለማለት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነው።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም የዘመኑን ታሪክ ከእናንተ ሌላ የሚነግረን የለምና፣ ያኰራችሁን ብቻ ሳይሆን የቆጫችሁንም ጭምር እንድታወሩን በአክብሮት እለምናለሁ።