ራሳቸውን የከሰሱት ሐኪም

ባለፈው ዓመት የክፍሌ ልጆች ለተማሪዎች ምክር ቤት ጸሐፊነት መርጠውኝ ነበር። ሹመቱ አስደሰተኝ፤ ሥራውን ግን አላወቅሁበትም። ሰብሳቢው ማን ይሁን፣ ማኅተሙስ በማን እጅ ይቀመጥ እያልን ስንከራከር ወራት አለፉ፤ ምክር ቤቱም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የዶክተር ያኑሽ ኮርቻክን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ጥፋታችን ታየኝ። ስለዚህ የኚህን ሰው ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮርቻክ በዋርሶ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለዱ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ትክክለኛው ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ነው። በ1912 በክሮክማልና መንገድ የተከፈተውን የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ፣ ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ከሚባሉ አሳዳጊ ጋር ማስተዳደር ጀመሩ።

በዚያ ቤት የልጆች ፍርድ ቤት ተቋቋመ። አምስቱ ዳኞች ልጆች ነበሩ፤ የሚመረጡትም በዚያ ሳምንት ክስ ካልቀረበባቸው መካከል በዕጣ ነበር። አዋቂው ጸሐፊ ቃል ይቀበላል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ከሕጉ አንቀጾች አብዛኞቹ የይቅርታ ነበሩ። ልጅ ጓደኛውንም ሆነ አሳዳጊውን መክሰስ ይችል ነበር። 20 እንደራሴዎች ያሉት የልጆች ምክር ቤትም ነበራቸው።

ሥራው ግን ያለ ችግር አልሄደም። ልጆቹ በማይረባ ነገር መካሰስ ስላበዙና ፍርዱንም ስለናቁ ዶክተሩ ችሎቱን ለጥቂት ሳምንታት ዘጉት። ሆኖም አፍርሰው አልተዉትም፤ ጉድለቱን መርምረው፣ ይግባኝ ጨምረው እንደ ገና ከፈቱት።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፣ በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ራሳቸውን ከስሰው በልጆቹ ፊት መቅረባቸው ነው። አንድ ጊዜ ልጅ ስለ መቱ፣ አንድ ጊዜ ዳኛ ስለ ሰደቡ፣ አንድ ጊዜም አንዲት ልጅ ሰርቃለች ብለው ስለ ጠረጠሩ ነበር።

በ1940 ናዚዎች ማሳደጊያውን ወደ ዋርሶ ጌቶ አስገቡት። ወዳጆቻቸው ሊያስመልጧቸው ቢሹም ዶክተሩ ልጆቹን ትቼ አልሄድም አሉ። በነሐሴ 1942 ከ200 ከሚጠጉ ልጆችና ከቪልቺንስካ ጋር ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው በዚያ ተገደሉ።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። አምና አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ የኳስ ሜዳውን ተራ ለክፍልህ ልጆች አዳልተሃል ብሎ በእኔ ላይ አቤቱታ ጽፎ ነበር። ልጁ የጻፈው እውነት ነው። እኔ ግን ጸሐፊ በመሆኔ ወረቀቱን ለስብሰባው ሳላነብ ኪሴ ውስጥ አስቀረሁት። ምክር ቤታችን የፈረሰው በማኅተሙ ክርክር ብቻ ሳይሆን በዚያች ወረቀትም ጭምር ነው።

ዘንድሮ አዲስ ምክር ቤት ሲመረጥ እኔ ብመረጥም ባልመረጥም፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ያ አቤቱታ እንዲነበብ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ አሁንም በእጄ አለ።