ዳንኤል ካሪዮን፤ የሊማው የሕክምና ተማሪ

የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ስንመርጥ የምንጨነቀው ለማርክ ነው። መጻሕፍቱ ይገኙ ይሆን? አስተማሪው ይወዱልን ይሆን? እያልን እንሰነብታለን። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ይማር የነበረ አንድ የሕክምና ተማሪ የመረጠው አርእስት ግን ሕይወቱን አስከፈለው። ስሙ ዳንኤል አልሲዴስ ካሪዮን ይባላል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሕክምና የምናውቀው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ታሪኩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ሆኖ አላገኘነውም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካሪዮን በ1857 ዓ.ም. ሴሮ ደ ፓስኮ በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም አገር ናት። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተ። ለትምህርት ወደ ሊማ ወርዶ በሳን ማርኮስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማጥናት ጀመረ። የተማሪነቱ ዘመን ግን የሰላም ዘመን አልነበረም፤ ከ1881 እስከ 1883 የቺሌ ጦር ሊማን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

በዚያ አገር ሸለቆዎች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ አንድ በሽታ አለ። የሰውን ቆዳ ደም በቋጠረ ቀይ ኪንታሮት ይሞላዋል፤ አገሬው ቬሩጋ ይለዋል። ያስቀይማል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም። በ1870 ከሊማ ወደ ኦሮያ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲጀመር ደግሞ ሌላ መቅሠፍት መጣ። ሠራተኞቹን ብርቱ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ደማቸው አልቆ እንደ ሰም ይነጡና ይሞታሉ። ይህም የኦሮያ ትኩሳት ተባለ። ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው ወይስ ሁለት? ሐኪሞቹ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም።

ካሪዮን ስለ ቬሩጋ ብዙ በሽተኞችን መርምሮ ማስታወሻ ሰብስቧል። አንድ ነገር ግን ጎደለው፤ በሽተኞቹ ወደ ሐኪም ቤት የሚመጡት ኪንታሮቱ ከወጣ በኋላ ስለ ነበረ የበሽታውን አጀማመር ያየ አልነበረም። ስለዚህ በራሱ ላይ ሊያየው ቆረጠ። መምህሩና ጓደኞቹ ቢከለክሉትም አልሰማም። ነሐሴ 27 ቀን 1885 በዶስ ደ ማዮ ሐኪም ቤት ከአንድ ልጅ ኪንታሮት የወጣውን ደም በገዛ ክንዱ ሊከትብ ሞከረ። እጁ አልታዘዝ ሲለው ዶክተር ኤቫሪስቶ ቻቬስ ረዳው፤ በየክንዱ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ተከተበ።

ሞትን ፈልጎ ነበር የሚሉ እንዳሉ እንሰማለን፤ እኛ አናምንም። የጠበቀው ኪንታሮት ነበር፤ የሚሞትበትን ሳይሆን የሚያስመርቀውን ነበር የፈለገው።

ሃያ አንድ ቀን ምንም አልተሰማውም። መስከረም 17 ቀን ቁርጭምጭሚቱን አመመው፤ ከዚያ ብርድ ብርድ አለው፣ ትኩሳቱ ነደደ፣ ፊቱ ገረጣ። የሚሰማውን ሁሉ እስከ 26ኛው ቀን ድረስ በእጁ ጻፈ፤ እጁ ሲዝል ጓደኞቹ ተቀበሉት። የጠበቀው ኪንታሮት አልወጣም፤ የመጣው የኦሮያ ትኩሳት ነበር። ይህንንም ራሱ አወቀ። ከአልጋው ሆኖ ሁለቱ በሽታዎች ምንጫቸው አንድ መሆኑን ለጓደኞቹ አስረዳ። ከቬሩጋ ደም ተከትቦ የኦሮያን ትኩሳት ያገኘ ሰው ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ጥቅምት 5 ቀን ሌሊት ሞተ። ዕድሜው 28 ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። የረዳው ቻቬስ ሰው ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጓደኞቹ ግን አልተኙም፤ በማግሥቱ ዓመት ማስታወሻውን በመጽሐፍ አሳተሙለት።

ዓለም ወዲያው አመነ ማለት ግን አይደለም። በ1905 አልቤርቶ ባርቶን የተባለ የፔሩ ሐኪም በበሽተኞች ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ጥቃቅን በትር መሰል ነገሮች አየ፤ ባክቴሪያው ባርቶኔላ የተባለው በእሱ ስም ነው። በ1913 ከአሜሪካ፣ ከሃርቫርድ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ብለው ፈረዱ፤ የተማሪው ሞት ከንቱ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በ1926 ኖጉቺ የተባለው ጃፓናዊ ከኦሮያ ትኩሳት በሽተኛ ደም ያራባውን ባክቴሪያ ዝንጀሮዎች ላይ ከትቦ ቬሩጋን የመሰለ እብጠት ሲያወጣ ጊዜ ክርክሩ ወደ ካሪዮን አዘነበለ።

በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። ዛሬ ትኩሳቱ በበረታበት ጊዜ የበሽተኛው ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ገብቶበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያው በቀይ ሕዋሱ ላይ ሊገኝ ይችላል። ኪንታሮቱ ሲወጣ ግን በደም ውስጥ ስለሚያንስ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ማራባቱም ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ ይመረጣል። በጊዜው ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፤ ካልታከመ ግን በትኩሳቱ ከተያዙት ከመቶው ከ40 የሚበልጡትን ይገድላል።

ፔሩ ጥቅምት 5ን የሕክምና ቀን አድርጋ ታከብረዋለች፤ በሽታውም የካሪዮን በሽታ ይባላል። ቬሩጋስ ይባል የነበረው ትልቁ የባቡር ድልድይም ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። በዚያ መስመር ያለቁት ሠራተኞች ግን በሺህ ይገመታሉ እንጂ ቁጥራቸውን በትክክል የጻፈው የለም።